የአሸዋ ኮረብታ ንብብርና የነፋስ ሥራ
የአሸዋ ኮረብታ እንዲያው በዘፈቀደ የተከመረ ይመስላል፤ ነገር ግን ውስጡ ሥርዓት አለው። በፈረንሳይ አገር በአትላንቲክ ባሕር ዳር ፒላ የተባለ፣ ከፍታው ከ100 ሜትር የሚበልጥ የአሸዋ ኮረብታ ይገኛል። የምዕራብ ነፋስ አሸዋውን እያዘለለ በባሕሩ በኩል ባለው ለዘብ ያለ ተዳፋት ያወጣዋል፤ ከጫፉ ሲያልፍ ኃይሉ ስለሚደክም አሸዋው በወዲያኛው ወገን ይከመራል፤ ክምሩም 34 ዲግሪ ያህል ሲያጋድል ይናዳል። እያንዳንዱ ናዳ በፊተኛው ላይ ስስ ሆኖ ስለሚተኛ፣ ኮረብታው ቢቈረጥ ውስጡ ጋደል እንዳለ መጽሐፍ ቅጠል ተነባብሮ ይታያል፤ ንብብሩ ወዳዘነበለበትም ነፋሱ ይነፍስ እንደ ነበር ይታወቃል። ነፋሱ አቅጣጫውን ቢለውጥ የቀድሞውን ይሸረሽርና አዲሱን በሌላ ማጋደል ያለብሰዋል።

በፒላ አሸዋ መካከል ጥቋቍር መስመሮች አሉ፤ እነዚህም አሸዋው ጸጥ ብሎ ዛፍ በበቀለበት ዘመን የነበሩ አፈሮች ናቸው። ኮረብታው ዛሬም በየዓመቱ ጥቂት ሜትር ወደ ምሥራቅ እየተጓዘ በስተኋላው ያለውን ዱር ከነቅጠሉ ይቀብራል።