ስለ ደን፥ ስለ ወንዝና ስለ ሰደድ እሳት

ዛፍ ውሃ ይጠብቃል መባሉን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ዛፍ ውሃ ይጠጣል መባሉን ግን የሚያስበው ጥቂት ነው። ሥሩ ከመሬት የሳበውን ውሃ ቅጠሉ በማይታይ እንፋሎት ወደ አየር ይሰደዋል። ስለዚህ በተራራ ላይ የወረደው ዝናብና በረዶ ሁለት ተካፋዮች አሉት፤ አንዱ ደኑ፥ ሁለተኛው ወንዙ ነው። ሦስተኛም ባለጉዳይ አለ፤ እርሱም እሳት ነው፤ ውሃው ያበቀለውን ሁሉ ሲደርቅ ይበላዋልና።

በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፥ በሳንታ ባርባራ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሊቃውንትና ተማሪዎቻቸው የእነዚህን የሦስቱን ነገር ባንድነት በሒሳብ ይመረምራሉ። መሣሪያቸው «ሬሲስ» የሚባል የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው፤ አሠራሩም በ2004 ዓመት ታትሞ ተገልጧል። (እዚህ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሮግራሙ ውሃው ወደ አንድ ወንዝ የሚወርደውን አገር በብዙ ትናንሽ ቁራሽ መሬት ይከፍለዋል። ከዚያም ለያንዳንዱ ቁራሽ በየዕለቱ እንደ ጎተራ ሒሳብ ገቢና ወጪ ይጽፋል፤ ምን ያህል ዘነበ፥ ምን ያህል በረዶ ቀለጠ፥ አፈሩ ምን ያህል ያዘ፥ ቅጠሉ ምን ያህል ወሰደ፥ ዛፉስ በዚያ ምን ያህል አደገ? የተረፈው ወደ ታችኛው ቁራሽ ይወርዳል፤ በመጨረሻም ከወንዙ ይገባል። ኋላ ደግሞ የእሳት ክፍል ተጨመረለት፤ የወደቀው ቅጠልና ጭራሮ ብዛት፥ ድርቀቱ፥ ነፋሱና የመሬቱ ተዳፋትነት ታይቶ፥ እሳቱ ከአንዱ ቁራሽ ወደ ሌላው መሻገሩ ይሰላል። ሒሳቡ የሚታመነው በወንዙ ላይ ከተለካው ውሃ ጋር ሲስማማ ነው። ትንቢት ግን አይደለም፤ ሙቀቱ ይህን ያህል ቢጨምር ምን ይሆናል ለሚል ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው እንጂ።

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልተነሣም። የአሜሪካ የደን መሥሪያ ቤት በ1935 ዓመት፥ ማናቸውም ሰደድ እሳት በታየ በማግሥቱ እስከ ጧቱ አራት ሰዓት ድረስ እንዲገታ አዘዘ። አሳቡ ደግ ነበር። ነገር ግን በሲየራ ኔቫዳ ተራሮች መብረቅ የሚለኩሰው እሳት ከጥንት ጀምሮ ቡቃያውንና ጭራሮውን ያሳሳው ነበርና፥ እሳቱ ሲከለከል ዛፉ እጅግ ተጠጋግቶ በቀለ። ከ2012 እስከ 2016 በካሊፎርኒያ ድርቅ በሆነ ጊዜ ለሁሉ የሚበቃ ውሃ ታጣ፤ የተጠማውንም ዛፍ ነቀዝ ያዘው፤ ከ100 ሚሊዮን የሚበልጥ ዛፍ ሞተ።

በዚያው ተራራ፥ በዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በኢሊሉዌት ወንዝ ተፋሰስ፥ ከ1972 ጀምሮ መብረቅ የለኮሰው እሳት እየተጠበቀ እንዲነድ ይተዋል። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እንደ መረመሩት፥ ከ1969 እስከ 2012 የደኑ ስፋት ከመቶ 24 እጅ ያህል ቀንሶ ሣርና ቁጥቋጦ ሰፍቷል። ባልተቃጠሉት ጎረቤት ተፋሰሶች የወንዙ ድርሻ ሲያንስ፥ በዚህኛው ግን አላነሰም። እነርሱም ነገሩን በሬሲስ አስልተውታል።

ከዚህ ተነሥቶ ዛፍ በተቆረጠ ቁጥር ወንዝ ይሞላል የሚል ቢኖር ግን እጅግ ይሳሳታል። አንድ ዛፍ ሲወድቅ ጎረቤቶቹ ሥራቸውን ዘርግተው ድርሻውን ይጠጡበታል፤ ብርሃን ያገኘው ቁጥቋጦም ከሥር ያቆጠቁጣል። የአፈሩ ውሃ የመያዝ አቅምና የቀሩት ዛፎች ሥር የሚደርስበት ውጤቱን ይለውጠዋል። ስለ ሙቀትም እንዲሁ ነው። ሙቀት በረዶውን ቀድሞ ያቀልጠዋል፤ በጋው ይረዝማል፤ ደኑም ለእሳት ይመቻል። ምድሩ አስቀድሞ ደረቅ በሆነበት አገር ግን ድርቀት ሲበረታ የሚበቅለው ስለሚያንስ፥ እሳት የሚበላው ያጣል።

በኢትዮጵያም በ2019 በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እሳት ተነሥቶ ነበር። አስታና ጓሳ የሚበቅልበት ያ ደጋ በረዶ ለብሶ ከሚከርመው ከሲየራ ኔቫዳ ደን የተለየ ነውና፥ የኢሊሉዌትን ነገር ሰምቶ በደጋው ላይ እሳት መልቀቅ አይገባም። ሬሲስ እንኳ ወደ አዲስ ተፋሰስ ሲወሰድ የዚያን አገር የዕለት ዝናብ፥ ሙቀት፥ የአፈር ጠባይና የዕፀዋት ዓይነት እንደገና ይጠይቃል። ከእነዚህ ዝናቡን ተማሪዎች ሊለኩት ይችላሉ፤ አፉና ግርጌው እኩል የሆነ ጣሳ ከዛፍና ከቤት ርቆ በገላጣ ቦታ ይቆማል፤ ጧት ጧት የተጠራቀመው ውሃ ከፍታ በማስመሪያ ይለካል፤ ቀኑና ልኩም በደብተር ከተጻፈ በኋላ ጣሳው ይደፋል።