የተመነመነ ሕፃን አመጋገብ በመጠለያና በሠፈራ ጣቢያ

በድርቅ ከተጎዳ አካባቢ ተነሥቶ ወደ መጠለያ የሚደርስ ሕፃን ሁለት ጉዳት ይዞ ይመጣል። አንደኛው በዐይን የሚታየው መክሳት ሲሆን፣ ሁለተኛው የማይታየው የውስጥ አካል መድከም ነው። ለረዥም ጊዜ የተራበ ሰውነት ልቡ፣ ኩላሊቱና አንጀቱ ሥራቸውን ቀንሰው ስለሚቆዩ፣ ብዙ ምግብና ብዙ ጨው በአንድ ጊዜ ሲገባበት መሸከም ይሳነዋል። በርኅራኄ ተቻኩሎ የሚሰጥ ሙሉ ሳህን ሕፃኑን ሊገድለው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለሆነም ሥራው የሚጀመረው በልየታ ነው። ዕድሜው ከ6 ወር በላይና ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ115 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ አብጠው በአውራ ጣት ሲጫኑ የሚሰረጉዱ ከሆነ፣ በብርቱ የተጎዳ ሆኖ ይመዘገባል። ከእነዚህም መካከል የምግብ ፍላጎቱ የጠፋው፣ እብጠቱ የበረታው ወይም ሌላ ሕመም የተደረበበት በሕክምና ጣቢያ ተኝቶ ይታያል።

ተኝቶ ለሚታከመው መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ 75 የተባለው ወተት ነው። በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ የያዘው ታስቦበት ነው፤ በዚህ ደረጃ የሚፈለገው ክብደት መጨመር ሳይሆን አካልን ማረጋጋት ነውና። ወተቱ በየሦስት ሰዓቱ፣ በጡጦ ሳይሆን በኩባያ ይሰጣል። ሌሊት ከተቋረጠ የደም ስኳርና የሰውነት ሙቀት ወርዶ ሕፃኑ ሊነጋ ሲል ሊሞት ይችላል። ለሌሊት ተረኛ፣ ለፋኖስና ለማገዶ በጀት ያልተያዘለት ጣቢያ፣ ወተቱ በመጋዘን ሞልቶ ቢገኝ እንኳ፣ ሥራውን በግማሽ እንደሚሠራ ሊታወቅ ይገባል።

በሪፖርት አነባበብ ረገድ አንድ ስሕተት ዘወትር ያጋጥማል። እብጠት ያለበት ሕፃን ሲሻለው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ይቀንሳል፤ የሚወጣው ውኃ ነው። የክብደት ሠንጠረዡን ብቻ የሚመለከት ተቆጣጣሪ ይህን እንደ ድክመት ቆጥሮ ምግብ እንዲጨመር ቢያዝዝ ጉዳት ያደርሳል።

እብጠቱ መጉደል ሲጀምርና ፍላጎቱ ሲመለስ ምግቡ ቀስ በቀስ ይጨመራል። በኤፍ 100 ወይም በኦቾሎኒ ቅቤ፣ በወተት ዱቄት፣ በዘይትና በስኳር በተዘጋጀው አልሚ ምግብ ሊሆን ይችላል፤ የዚህ 92 ግራም የሚመዝን አንድ ከረጢት 500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ደኅና የሚያገግም ሕፃን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎው 10 ግራምና ከዚያ በላይ ይጨምራል፤ 6 ኪሎ የሚመዝነው 60 ግራም ማለት ነው። ጭማሪው ከግማሹ በታች ሲሆን ምክንያቱ ይፈለጋል፤ ምናልባት ያልታወቀ ሕመም፣ ምናልባትም ለወንድሞቹ የተካፈለ ከረጢት ይሆናል። እናቲቱን መውቀስ ግን አይገባም። ቤተሰቡ መደበኛ ራሽን ካላገኘ ምግቡ መካፈሉ አይቀርም።

በ1977 ዓ.ም. ኮረምን በመሳሰሉ መጠለያዎች ሕዝብ በአንድ ስፍራ ሲታጨቅ ኩፍኝና ተቅማጥ ብዙ ሕፃናትን ፈጅተዋል። ፍላጎት ያለውን ሕፃን ከቤቱ ሳያርቁ ማከም እንደሚቻል በ2000 እ.ኤ.አ. በሐዲያ የተካሄደው ሥራ አሳይቷል፤ ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንድ ጊዜ ክብደትን መዝኖ ከረጢት ማደል በብዙ አገር ተለምዷል።

ከረጢቱ ሲያበቃ የሚተካው የቤት ምግብ ነው። ቀጭን አጥሚት የሕፃኑን ትንሽ ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሰጥም። ሦስት እጅ እህልና አንድ እጅ ጥራጥሬ ተቆልቶ፣ አብሮ ተፈጭቶ፣ ወፈር ያለ ገንፎ ሆኖ ቢቀርብ ይሻላል፤ ቀድሞ የታወቀው ፋፋም በዚሁ የቅይጥ ሐሳብ የተሠራ ነበር። በገንፎው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ሲጨመር 40 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይገኛል። መዋጥ ለሚያስቸግረው ደግሞ ለጠላ የሚዘጋጀው ብቅል ይረዳል፤ ጥቂት የብቅል ዱቄት ለብ ባለው ገንፎ ላይ ሲደባለቅ ውኃ ሳይጨመርበት ያቀጥነዋል፤ ከዚያ እንደገና ይንተከተካል። ሻጋታ የነካው ብቅል አይሆንም። ሕፃኑ ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡቱ ይቀጥላል፤ ገንፎው በቀን አምስት ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል።

በቆላማ የሠፈራ ጣቢያ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። ከደጋ ለመጣች እናት ገብሱ ቀርቶ በቆሎና ማሽላ ሲሰጣት አዘገጃጀቱ አዲስ ይሆንባታል፤ ወባም የሕፃኑን ፍላጎት ይዘጋል፣ ደሙንም ያሳንሳል። ስለዚህ አጎበርና የወባ ምርመራ ከምግብ ሥራው ተለይተው መታየት የለባቸውም። የሚዛን ቀን ከራሽን ማደያ ቀን ጋር አንድ ሲሆን እናቲቱ ሁለት ጊዜ ከመመላለስና ከእርሻ ከመቅረት ትድናለች፤ ይህ ባልተደረገባቸው ጣቢያዎች ከምዝገባ የሚጠፉት ሕፃናት የሚበዙት በአረም ወቅት ነው።