የመንጃ ፈቃዱ አድራሻ

(ጋርላንድ፣ ቴክሳስ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ አቦል ተጠጥቶ ቶናው እየተቀዳ።)

ልጁ፦ እትዬ፣ ይኸ ደብዳቤ ትናንት ደረሰኝ። «ሆምስቴድ እናስገባልህ፣ ክፈል» ይላል። ማኅተም የመሰለ ነገር ስላለበት መንግሥት ነው ብዬ ልከፍል ነበር።

እትዬ፦ እንኳን አልከፈልክ! ሆምስቴድ የሚሉት የመኖሪያ ቤት ግብር ቅናሽ ነው፤ ማመልከቻው እኮ በነፃ ነው። የሚገባውም ለካውንቲው የንብረት ግምት መሥሪያ ቤት፣ አፕሬይዛል ዲስትሪክት ለሚሉት ነው። ቅጹ 50-114 ይባላል።

ልጁ፦ እኔ ቤቱን ስገዛ፣ ክሎዚንግ ላይ ያን ሁሉ ወረቀት ስፈርም አብሮ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

እትዬ፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። ካልጠየቅክ ማንም አይሰጥህም፤ ልጄ፣ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉውን ግብር ከፍያለሁ።

ልጁ፦ ለመሆኑ ስንት ይቀንሳል?

እትዬ፦ ከቤት ግብር ትልቁ የትምህርት ቤቱ ነው። ለእሱ ሲታሰብ ከቤትህ ግምት 140,000 ዶላር ይነሣልሃል። ድሮ 100,000 ነበር፤ በኖቬምበር 2025 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ከፍ አደረገው። ቤትህ 320,000 ቢገመት የትምህርት ቤቱን ግብር የምትከፍለው በ180,000 ላይ ነው። ከመቶው አንድ ዶላር ቢሆን እንኳ፣ በዓመት 1,400 ዶላር ቤትህ ቀረ። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ሰፈሩ የቱንም ያህል ቢወደድ፣ ተጨማሪ ክፍል ካልሠራህበት በቀር፣ ግብር የሚታሰብበት ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ አይጨምርም። እኔ ከቅናሹ ይልቅ ይኸኛውን ነው የምወደው፤ እንቅልፍ ይሰጣል።

ልጁ፦ ኋላ ወንድሜ ጋ ገብቼ ቤቱን ባከራየውስ?

እትዬ፦ ያኔ ይቀራል። ለምትኖርበት ቤት ነው፣ ያውም ለአንድ ብቻ። እስቲ መንጃ ፈቃድህን ስጠኝ።

(መነጽራቸውን አድርገው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት።)

አየህ? የድሮው አፓርታማህ ነው ያለበት። የእኔንም ማመልከቻ ያስመለሰው ይኸው ነው፤ አድራሻው ከቤቱ ጋር አንድ መሆን አለበት። እኔ ደግሞ የተመለሰውን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ዝም አልኩ። ዘግይቶም ቢሆን እስከ ሁለት ዓመት ማመልከት እንደሚቻል የነገረኝ አልነበረም። ያ ገንዘብ ዛሬም ይቆጨኛል።

ልጁ፦ ቀኑስ አላለፈኝም?

እትዬ፦ የተለመደው እስከ ኤፕሪል 30 ነው፣ ገና ነህ። ሲፈቀድልህ ለሞርጌጁ ድርጅት ደውለህ ለግብሩ በየወሩ የሚይዙትን ገንዘብ፣ ኤስክሮውን፣ እንደገና እንዲያሰሉት ንገራቸው፤ አለዚያ ወርኃዊ ክፍያህ በድሮው ሊቀጥል ይችላል። እናትህ አብራህ ናት አይደል? ስሟ ውሉ ላይ አለ?

ልጁ፦ አለ። 67 ዓመቷ ነው።

እትዬ፦ ታዲያ ይኸን እስካሁን ሳትነግረኝ! 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ባለቤት ሌላ ተጨማሪ ቅናሽ አለ፤ የትምህርት ቤቱም ግብር ጣሪያ ይበጅለታል። የእሷንም መታወቂያ አድራሻ አስተካክሉ። በል ስልክህን አውጣ፤ አድራሻ መቀየር በኢንተርኔትም ይቻላል። በረካው እስኪደርስ የአንተን እንጀምረው።