ጸሐፊው ያልተጨነቀበትን አንባቢ አይጨነቅበትም

ለመሆኑ አንድን መጣጥፍ ጥሩ የሚያሰኘው ምንድን ነው? የቃላቱ ውበት ነውን? ብዙዎቻችን እንዲህ ስለምናስብ ብዕር ስናነሳ ከሁሉ በፊት ያማረ ቃል ፍለጋ እንባዝናለን። አንባቢ ግን ሁለት አንቀጽ ሳይዘልቅ ጋዜጣውን ያጥፋል። ምክንያቱም ጸሐፊው ራሱ ለጉዳዩ እንዳልተጨነቀ ይገባዋል።

በዚህ ረገድ አል-ጃሂዝ ጥሩ አስተማሪያችን ነው። ይህ የበስራ ሰው በ255 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ868/869) ያረፈ ታላቅ የአረብኛ ጸሐፊ ነው። ፈረንሳዊው ሞንቴኝ እ.ኤ.አ. በ1580 መጽሐፉን «ሙከራዎች» ብሎ በመሰየም ለመጣጥፍ በአውሮፓ ስም ከማውጣቱ ሰባት መቶ ዓመታት ቀደም ብሎ አል-ጃሂዝ መሰል ጽሑፎችን ይጽፍ ነበር።

ከሥራዎቹ አንዱ ስለ ንፉጎች የጻፈው «ኪታቡል ቡኸላ» ነው። ሌላው ሰው ቢሆን «ንፍገት መጥፎ ነው» ብሎ ጀምሮ በዚያው ይጨርስ ነበር። አል-ጃሂዝ ግን በአንድ ቤት ስላረፉ የኹራሳን ሰዎች ይተርክልናል። ለመብራት ዘይት ሲያዋጡ አንደኛው አላዋጣም አለ። ባልንጀሮቹም በነሱ ብርሃን እንዳይጠቀም፣ መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ዓይኑን በጨርቅ ሸፈኑት! አንባቢ እየሳቀ ንፍገትን ያውቀዋል። ከዚህም በላይ አል-ጃሂዝ ንፉጎቹ ለራሳቸው የሚያቀርቡትን መከራከሪያ ሳያሳንስ ያሰማል። ለጉዳዩ የተጨነቀ ሰው የተቃራኒውን ቃል ለመስማት አይፈራምና።

መጨነቅ ማለት እንግዲህ መጮህ አይደለም። ሄዶ ማየት፣ ጠይቆ መረዳት ነው። ስለ ኑሮ ውድነት ልትጽፉ ነው? «ሕዝቡ ተቸግሯል» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። ወደ ጉሊት ውረዱ። እንጀራ የሚሸጡትን እናት ጤፉን በስንት እንደገዙ፣ ለማገዶ ስንት እንዳወጡ፣ ከአንድ እንጀራ ምን እንደሚተርፋቸው ጠይቋቸው። የእህል ነጋዴውንም ዋጋ ለምን እንደጨመረ ጠይቁት፤ መልሱ ባይጥማችሁም ሳታዛቡ አስፍሩት።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ በግምት የተጻፈ ጽሑፍ የሚጎዳው እኒያኑ እናት ስለሆነ ነው። አንድ የተጋነነ ቁጥር ከተገኘበት እውነተኛው ችግራቸውም አብሮ ውሸት ይባላል። ጠበቃ ሊሆናቸው የተነሳው ጸሐፊ ጉዳያቸውን አስረታው ማለት ነው።

ስለዚህ ብዕር የምታነሱ ወንድሞችና እህቶች! ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ፤ ይህን ጉዳይ የሚያትምልኝ ባይኖር እንኳ ለማወቅ እደክምለት ነበርን? መልሱ «አዎን» ከሆነ ጻፉ። ካልሆነ ግን ሌላ ርዕስ ፈልጉ። ለዚያኛው ጉዳይ የሚገደው ሌላ ጸሐፊ አይጠፋም።