መውጫ የሌለው ሐይቅ

(ለአንድ ቀን ዓሣ ለማጥመድ ስለሚወጣ ቤተሰብ ለወጣቶች የቀረበ ትምህርት)



«እኛ የጥያ ልጆች ስለ ዓሣ ማጥመድ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በደጃችን ሐይቅ የለም፤ ያለን ትክል ድንጋይ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ከብዙ ሰው ይልቅ እናውቃለን። ይኸውም የአንድ ቀን እንግዳ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ወደ ገባው ወደ ትክል ድንጋያችን መኪና ይመጣል፤ እንግዳው ይወርዳል፣ ይዞራል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ይሄዳል። ሠላሳ ስድስቱ ድንጋዮች ግን ከእኛ ጋር ይቀራሉ። እንግዳው ስሙን በድንጋይ ላይ ቢጭር ለእርሱ የአንድ ደቂቃ ጨዋታ ነው፤ ለእኛና ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ግን የማይሽር ጠባሳ ነው።

እንግዲህ እኛ ራሳችን በሌላው አገር የአንድ ቀን እንግዳ ስንሆን እንዴት መገኘት ይገባናል? ይህን ጥያቄ በአንድ ጥልቅ ሐይቅና በአንድ የዓሣ ማጥመድ ቀን እንመልከተው።

1ኛ. ጥልቅ ውኃ ሁሉ ዓሣ የሞላበት አይደለም

ከጥያ ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ዝዋይ የወረደ ሰው ደንበል የሚባለውን ሐይቅ ያገኛል። ደንበል ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታው እንኳ ከ9 ሜትር ብዙም አያልፍም። ውኃውም ድፍርስ ነው። ነገር ግን በዓሣው ብዙ ሰው ይተዳደርበታል። ከዚያው ወደ ደቡብ አለፍ ብሎ የሚገኘው ሻላ ግን እስከ 266 ሜትር የሚጠልቅ ሐይቅ ሆኖ ሳለ፣ ውኃው ጨውና ሶዳ ስለ በዛበት ለገበያ የሚበቃ ዓሣ አይገኝበትም።

ምክንያቱ ሊገባን ይገባል። ዓሣ የሚኖረው በምግብና በአየር ነው። ምግቡ የሚጀምረው የፀሐይ ብርሃን በሚደርስበት በላይኛው ውኃ ከሚያድጉት ጥቃቅን አረንጓዴ ዋቅላሚዎች ነው። በጥልቅ ሐይቅ ውስጥ ከተወሰነ ልክ በታች ብርሃንም አይደርስም፤ ዓሣ የሚተነፍሰው አየርም ይጠፋል። ስለዚህ ሐይቁ ትልቅ ጎተራ ቢመስልም እህሉ ያለው ከላይ ከላይና በዳር በዳር ነው። ጥልቀቱን አይቶ «ይህ አያልቅም» የሚል ሰው ተሳስቷል።

2ኛ. የወሎው ሐይቅ

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ስሙም «ሐይቅ» የሚባል ሐይቅ አለ። በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ብዙ ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው በዚሁ ሐይቅ ላይ ነው። ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ተለክቷል። ከተራራው የሚወርድ ውኃ ይገባበታል፤ ከእርሱ ግን ፈስሶ የሚወጣ ወንዝ የለም። ይህን ነገር አስቡት። ጣና የተቀበለውን ለዓባይ ይሰጣል። ሐይቅ ግን አፈር ቢገባበት አፈሩ፣ ቆሻሻ ቢጣልበት ቆሻሻው እዚያው ይቀራል።

3ኛ. በጀልባ ላይ የዋልንበት ቀን

እናቴ የተወለደችው በዚያ አገር ነው። በ2010 ዓ.ም. በግንቦት መጀመሪያ፣ በበዓለ ኀምሳ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ዘመድ ለመጠየቅ ከነቤተሰባችን ሄደን ነበር። ወንድሟ የሚተዳደረው ዓሣ በማጥመድ ነው። አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ አባቴን፣ ታናሽ ወንድሜንና እኔን በእንጨት ጀልባው ይዞን ወጣ። እናቴ ከዳር ቆማ ክዳናቸው የጠበቀ ሁለት ባዶ ጀሪካኖች በገመድ ካላሠርን አትሄዱም አለችን። ዋና የማይችል ሰው ቢወድቅ የሚይዘው ይኸንኑ ነው። የሐይቁ ዳር ጥቂት እንደ ተራመዱ ወዲያው ገደል ስለሚሆን ነገሩ ቀልድ አይደለም።

አጎቴ ማታ የጣለውን መረብ ከፊላው አጠገብ መሳብ ጀመረ። ቆሮሶዎቹ አንድ በአንድ እየተወራጩ ወጡ። ከእነርሱም አንዲቱን ትልቅ ቆሮሶ ከመረቡ ሲያላቅቃት ከአፏ ቢጫ ቢጫ እንቁላል ፈሰሰ። አጎቴ አንዲት ቃል ሳይናገር ወዲያው ወደ ውኃው መለሳት።

«አጎቴ፣ ትልቋን ለምን ለቀቋት?» አለ ታናሽ ወንድሜ።

«እሷ ብቻዋን አይደለችማ፣ የኔ ጌታ። አፏ ውስጥ ቤት ሙሉ ልጅ አለ።»

አባቴ ፈገግ ብሎ «ለገበያ ብትወስዳት ስንት ታወጣ ነበር?» አለው።

«የልጄን ደብተር ትገዛ ነበር» አለ አጎቴ።

ጥቂት ዝም ተባባልን። ቆየት ብሎ አባቴ «አንተ የለቀቅኻትን ጎረቤትህ ነገ ቢይዛትስ?» ሲል ጠየቀው። አጎቴም መረቡን እያጣጠፈ እንዲህ አለ፦ «ይይዛት ይሆናል። እሱም ልጆች አሉት። ግን ሁለታችንም የምንበላው ከአንድ ድስት ነው። ድስቱን የሰበርነው ቀን ማን ቀድሞ እንደ ጎረሰ የሚጠይቅ የለም።»

ከዚያ በኋላ ወንድሜ በመንጠቆ የያዛቸውን ሁለት ትናንሽ ቆሮሶዎች ራሱ መለሳቸው። ደስ ብሎት አልነበረም፤ ለአያታችን ሊያሳያቸው ፈልጎ ነበርና።

4ኛ. አፏን ዘግታ የምትጾም እናት

ወጣቶች ሆይ፣ አጎቴ በልምድ የሚያውቀውን የዓሣ ሊቃውንትም ይመሰክሩታል። ወንዱ ቆሮሶ በዳር ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ አሸዋውን ቆፍሮ ጎጆ ያበጃል። ሴቷ በዚያ እንቁላሏን ጥላ ወዲያው በአፏ ትሰበስባለች። አንድ ሳምንት ከዚያም በላይ በአፏ ይዛ ትታቀፋለች፤ በዚያ ወራት ከመብላት ትከለከላለች። ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹ ተመልሰው ወደ አፏ ይገባሉ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የማትበላ እናት በመንጠቆ ብዙ አትያዝም፤ መረብ ግን አይመርጥም። ስለዚህ በዳር በፊላው አጠገብ የሚጣለው መረብ ጥንቃቄ ይሻል። ሁለተኛ፣ የመረቡ ዓይን ጠባብ ከሆነ አንድ ጊዜ እንኳ ያልወለደችው ትንሿ ዓሣ ትያዛለች። የመረቡን ዓይን ማስፋት ማለት ዓሣው ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲወልድ ዕድል መስጠት ነው። አገራችንም የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ን ያወጣችው ይህ ሀብት በሥርዓት እንዲያዝ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መርዝ ነው። ብርብራ የሚባለውን ዛፍ ታውቁታላችሁ። ፍሬው ተወቅጦ በውኃ ላይ ሲበተን ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ይህ ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ዘዴ ነው። ብርብራ ግን ትልቁን ከትንሹ፣ እናቲቱን ከጫጩቱ አይለይም። ሰው የሚለቅመው የሚበላውን ያህል ነው፤ የቀረው በከንቱ ይሞታል።

5ኛ. የጠራው ውኃ ወዴት ሄደ?

በዚያው ቀን ማታ አያታችን አንድ ነገር አጫወቱን። በልጅነታቸው እንስራ ሲሞሉ ከእግራቸው በታች ያለውን ጠጠር ይቆጥሩት ነበር። እኛ ያየነው ውኃ ግን ወደ አረንጓዴ ያደላ ነው።

አያታችን ያሉት የእርጅና ትዝታ ብቻ አይደለም። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ሐይቁን የመረመሩ ሰዎች ውኃው እጅግ የጠራ መሆኑን መዝግበዋል። በ1978 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ግን ቀድሞ በሐይቁ ያልነበረው ቆሮሶ ለሕዝቡ ምግብና ገቢ እንዲሆን ተብሎ ከሌላ ቦታ መጥቶ ተጨመረበት። ከዚያ በኋላ በተደረገና በ1992 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የውኃው ጥራት ከቀድሞው እጅግ ቀንሶ፣ ዋቅላሚውም በዝቶ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ከሚጠቅሱት ምክንያት አንዱ ይህ ነው፦ በውኃው ውስጥ ዋቅላሚውን እየበሉ የሚያጠሩ በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ ጥቃቅን እንስሳት አሉ፤ የቆሮሶ ጫጩቶች ደግሞ እነዚህን ጥቃቅን እንስሳት ይበላሉ። አጽጂው ሲያልቅ ውኃው ይደፈርሳል። በዚህ ላይ ከታረሰው ተዳፋት በዝናብ የሚታጠበው አፈር ይጨመርበታል።

ታዲያ ዓሣውን ያመጡት ሰዎች ክፉ ሠሩ እንበልን? እንዲህ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። አጎቴ ልጆቹን የሚያስተምረው በዚያው ቆሮሶ ነው። እኛም ጠግበን ያደርነው በእርሱ ነው። መልካም አስበው የሠሩት ሥራ መልካም ፍሬ አፍርቷል፤ ከፍሬው ጋር ያላሰቡትም መጥቷል። ትምህርቱ ይህ ነው፦ መውጫ በሌለው ሐይቅ ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ ይቀራል፤ የገባውን መልሶ ማውጣት ከማስገባቱ ይልቅ እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ከማስገባታችንም ከማውጣታችንም በፊት ቆም ብለን እንጠይቅ።

6ኛ. ከቅዱሳት መጻሕፍት

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ከቁጥር 6 እስከ 7 ስለ ወፍ ጎጆ የተሰጠ ሕግ አለ። በመንገድ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር አብሮ እንዳይወስድ ይከለክላል። ለታዛዡም ዕድሜና መልካም ነገር ተስፋ ተሰጥቶታል። ሕጉ ሰውን ከመብላት አልከለከለም፤ ምንጩን እንዳያደርቅ ግን ከለከለው። ዛፍ ላይ ስላለችው ወፍ የተነገረው አፏን ዘግታ ልጆቿን ለያዘችው ዓሣ አይሠራምን?

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ከቁጥር 47 እስከ 48 ባለው ምሳሌ ደግሞ አጥማጆቹ መረቡን ወደ ዳር ካወጡ በኋላ ተቀምጠው ሲለዩ እናያለን። ምሳሌው ስለ መንግሥተ ሰማያት መሆኑን ሳንዘነጋ፣ የአጥማጁን ልማድ እናስተውል። አጥማጅ ስቦ ብቻ አይሄድም፤ ተቀምጦ ይለያል። ሥራው የሚፈጸመው በመሳብ አይደለም፤ በመለየት ነው። በጾም ወራት ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ጥያቄ ለንስሐ አባቶቻችን እንተወው። ስግብግብነት ግን በፍስክም በጾምም የተከለከለ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

7ኛ. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከቤተሰብ ጋር ወደ ውኃ ስትወጡ ይህን ያዙ፦

ሀ) የአገሩን አጥማጅ ሳትጠይቁ መረብም መንጠቆም አትጣሉ። የቦታውን ጠባይ የሚያውቀው እርሱ ነው።

ለ) የምትበሉትን ያህል ብቻ ያዙ። ትንሹንና እንቁላል የያዘችውን በእርጥብ እጅ፣ ሳትቆዩ፣ ወደ ውኃው መልሱ።

ሐ) ፌስታል፣ የተበጠሰ ክርና አሮጌ መረብ በውኃ ውስጥ አትተዉ። የተጣለ መረብ ባለቤቱ ከሄደ በኋላም መያዙን አይተውም።

መ) ከአንዱ ውኃ የያዛችሁትን ዓሣ በሕይወት ወስዳችሁ በሌላ ውኃ አትጨምሩ፤ ለበጎ ብታስቡትም እንኳ።

ሠ) ከእናንተ መካከል ዋና የማይችል ካለ በጥልቅ ሐይቅ ላይ የሚይዘው ነገር ሳይኖር በጀልባ አይውጣ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አጎቴ የለቀቃት ዓሣ የልጁን ደብተር ትገዛ ነበር። ድኻ ሰው ለነገ ብሎ የዛሬውን እንዲተው መጠየቅ ተገቢ ነውን? ዋጋውንስ ከእርሱ ጋር ማን ሊሸከም ይገባል?

2. ቆሮሶ ወደ ሐይቅ መግባቱ ሕዝቡን መግቧል፤ ውኃውንም ለውጧል። በዚያ ዘመን ምክር ብትጠየቁ ኖሮ ምን ትሉ ነበር?

3. ወደ ትክል ድንጋያችን የሚመጣ እንግዳ እንዲያደርግልን የምንፈልጋቸውን ሦስት ነገሮች ጻፉ። እነዚያኑ እኛ በሄድንበት አገር እናደርጋቸዋለንን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።