ምንጭ ወይስ ጉድጓድ? ባለሙያዎች ሲለያዩ



በሚዛን ተፈሪና በቴፒ የቡና ምድር የመጠጥ ውኃ ሲነደፍ፣ አንዱ መሐንዲስ ምንጭ አጎልብቶ በስበት ማውረድን፣ ሌላው ጉድጓድና ፓምፕን ሊመርጥ ይችላል። ያን ጊዜ «ማን ይበልጣል?» ሳይሆን «ምን ተለካ?» ብላችሁ ጠይቁ። 20 ሊትር ጀሪካን በ40 ሰከንድ የሚሞላ ምንጭ፣ የሌሊቱ ውኃ ከተጠራቀመ፣ በቀን 43,200 ሊትር ይሰጣል፤ ለአንድ ሰው 25 ሊትር ቢታሰብ ለ1,728 ሰዎች ይበቃል። በሐምሌ ዝናብ የተወሰደ ልኬት ግን ያሳስታል፤ ሁለቱም ባለሙያዎች ባሉበት በየካቲት ይደገም። ንጽሕናውም ቡና በሚታጠብበት ወራት ይመርመር፤ ከምንጩ በላይ የእሸት ቡና መፈልፈያ ካለ ጉድጓድ የመረጠው ባለሙያ ሥጋት ከንቱ አይደለም። ያልተመረጠው ሐሳብ ከነምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ይስፈር። እኔ ይህን ባለማስመዝገቤ፣ በዓመቱ በደረቀ ቦኖ ፊት ቆሜ ለእናቶች የምመልሰው አጥቻለሁ።