የሳንባ ቸነፈር እንዴት ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል?

ቸነፈር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አይጥንና ቁንጫን ነው። እኛም ከዚያው እንጀምር። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ የርሲኒያ ፔስቲስ ይባላል፤ አሌክሳንደር የርሲን እ.ኤ.አ. በ1894 ሆንግ ኮንግ ላይ ያገኘው ነው። የታመመች አይጥ ደም የመጠጠች ቁንጫ ሰው ስትነክስ ባክቴሪያው ወደ ብሽሽት ወይም ወደ ብብት ይሄድና የሚጠዘጥዝ ንፍፊት ያወጣል። እዚህ ደረጃ ላይ ያለ በሽተኛ በትንፋሹ ሌላውን አያስይዝም።

የሚቀጥለውን በጥሞና ተከተሉኝ። ንፍፊቱ ሳይታከም ከቆየ ባክቴሪያው በደም በኩል ሳንባ ሊገባ ይችላል። በሽተኛው ያስለዋል፤ አክታው ደም ይቀላቀልበታል፤ ከሳሉ ጋር የሚወጣው ፍንጣቂም ባክቴሪያውን ይይዛል። ያንን በቅርብ ሆኖ የሳበ ሰው በሽታው በቀጥታ ሳንባው ላይ ይጀምረዋል። ከዚህ በኋላ ለመተላለፍ ቁንጫም አይጥም አያስፈልግም።

ይህን በግልጽ ያሳየው ሐኪሙ ዉ ሊየን ቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 መጨረሻ የሳንባ ቸነፈር ወደተቀሰቀሰባት የቻይና ማንቹሪያ፣ ሃርቢን ከተማ ሲደርስ ብዙዎች ጥፋቱን በአይጥ ላይ ይጥሉ ነበር። እሱ አስከሬን መርምሮ መተላለፊያው ትንፋሽ መሆኑን ተናገረ፤ ከሻሽና ከጥጥ የተሠራ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛም አስለበሰ። ፈረንሳዊው ዶክተር ሜኒ ግን አላመነውም። ያለ መሸፈኛ በሽተኞችን መረመረ፤ በቀናት ውስጥም ሞተ። ወረርሽኙ እስኪቆም 60,000 ያህል ሰው ፈጅቷል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ፍጥነቱ ነው። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ቀን ውስጥ ይታያል፤ መጀመሪያ ላይም ከጉንፋን ለመለየት ያስቸግራል። ካልታከመ የያዘውን ሰው ሁሉ ይገድላል ማለት ይቻላል። ምልክቱ በታየ በ24 ሰዓት ውስጥ ሕክምና ከተጀመረ ግን እንደ ጄንታማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉ የታወቁ መድኃኒቶች ያድናሉ። ሐኪም የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠብቅ መድኃኒት የሚጀምረው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ወረርሽኝ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ማዳጋስካር ውስጥ አንድ ሰው ከደጋው ተነሥቶ በሕዝብ ታክሲ ሲጓዝ መንገድ ላይ ሞተ፤ ከእሱ ጋር ንክኪ የነበራቸውም ታመሙ። እስከ ኅዳር መጨረሻ የተጠረጠሩትን ጨምሮ 2,417 ሕሙማን ተመዘገቡ፤ 209 ሰዎች ሞቱ። ከየአራቱ ሕሙማን ሦስቱን ያህል የያዛቸው የሳንባው ዓይነት ነበር። የጤና ሠራተኞች ከሕሙማኑ ጋር የተቀራረቡትን ከ7,000 በላይ ሰዎች እየፈለጉ መከላከያ መድኃኒት ሰጧቸው፤ ለ7 ቀናትም ተከታተሏቸው። ከእነዚህ መካከል ምልክት የታየባቸው በጣም ጥቂቶች ናቸው።